ያለ ፌሮ የቆመው ቤተ መቅደስ፦ ከአቡ ዳቢ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አቡ ዳቢ ውስጥ በግንባታ ሥራ የተሰማራ፣ አገር ቤት ሳለ ለዓመታት ፌሮ ሲያስር የኖረ ወንድማችን ነው። በዕረፍት ቀኑ ከህንዳዊ ባልደረባው ጋር አቡ ሙረይኻ የሚገኘውን አዲሱን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ይጎበኛል። ባልደረባው «እዚህ ውስጥ አንዲት ፌሮ የለችም፤ ሺህ ዓመት እንዲቆም ነው የተሠራው» ይለዋል። ጠያቂያችን አላመነም። «እውነት ነው ወይስ ለጎብኚ የሚነገር ወሬ? እውነት ከሆነስ እንዴት ይቆማል? ትናንት የተሠራ ሕንጻ ለምን የጥንት ይመስላል? እኛ አገር እንዲህ መሥራት ይቻላል?» ሲል ጠይቋል።

ወንድሜ፣ መጠራጠርዎ ደስ አሰኝቶኛል። ፌሮ ሲያስር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮት ዝም ብሎ ቢያምን ነበር የሚገርመኝ። የተነገረዎት ግን እውነት ነው። ከመሠረቱ በላይ ባለው የድንጋይ ሥራ ውስጥ የብረት ማጠናከሪያ የለም። አባባሉ በቅጥር ግቢው ያሉትን ሌሎች ቤቶች አይመለከትም፤ የሚመለከተው ጫማዎን አውልቀው የገቡበትን፣ ሰባት ሹል ማማ የተሸከመውን ዋናውን ቤት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ያህል ሕንጻውን ላስተዋውቅ። ያሠራው ባፕስ የተባለው፣ ስዋሚናራያን የሚባለው የሂንዱ እምነት ቅርንጫፍ ተከታዮች ድርጅት ሲሆን፣ መሬቱን የሰጠው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት ነው። የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በተገኙበት ተመረቀ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁመቱ 108 ጫማ፣ ማለትም 33 ሜትር ያህል ነው፤ 108 በሂንዱዎች ዘንድ የተቀደሰ ቁጥር ስለሆነ በአጋጣሚ የወጣ ልኬት አይምሰልዎ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 55 ሜትር ገደማ ይሆናል። ውጪው ከህንዷ ራጃስታን የመጣ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ፣ ውስጡ የጣሊያን ነጭ እብነ በረድ ነው።

አሁን ወደ ሙያችን እንግባ። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይበጠሳል። አርማታም ጠባዩ ያው ነው። እርስዎ በቢሙ (በአግዳሚው ተሸካሚ) ሆድ ፌሮ ሲዘረጉ የኖሩት ቢሙ ሲጎብጥ ከታች በኩል ስለሚሳብ፣ አርማታው ደግሞ ያንን ስቦሽ ስለማይችል ነው። ፌሮ የማይጠቀም ሰው ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፦ የትኛውም ድንጋይ በብርቱ እንዳይሳብ አድርጎ መገንባት። የሂንዱ ቤተ መቅደስ ቅርጽ፣ ያ ሁሉ ኮለን (ምሰሶ)፣ ያ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚጠብ ማማ፣ ከዚህ አማራጭ ጋር የተስማማ ቅርጽ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ የአሸዋ ድንጋይ ወደ 2,300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደርን ቀጥ ብለን 33 ሜትር ብንወጣ፣ በሥረኛው ድንጋይ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር የሚያርፈው ክብደት 8 ኪሎ ግራም አይሞላም። ደህና የአሸዋ ድንጋይ ግን በካሬ ሴንቲሜትር 300 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይችላል። እርግጥ ኮለን የራሱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጣሪያ ጭምር ስለሚሸከም ጭነቱ ይበዛል። አምስት እጥፍ አድርገን 40 እንበለው፤ አሁንም ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ «ይህ ሁሉ ድንጋይ ክብደቱ አያፈርሰውም ወይ?» የሚለው ሥጋት፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው እሱን ቢሆንም፣ ቀላሉ ጉዳይ ነው።

ከባዱ አግዳሚው ነው። ከኮለን ኮለን የሚዘረጋ ድንጋይ እንደማንኛውም ቢም ይጎብጣል፣ ሆዱም ይሳባል። እኩል በተሰራጨ ጭነት ሥር ርቀቱን እጥፍ ቢያደርጉት ጉብጠቱን የሚያመጣው ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። መድኃኒቱ ርቀቱን ማሳጠር ብቻ ነው። ውስጥ ሲገቡ ኮለን ጫካ የገቡ አልመሰለዎትም? ከ400 በላይ ናቸው። ጠራቢዎቹ ከላይ እስከ ታች በአማልክት፣ በሙዚቀኞች፣ በዝሆኖች ስላስጌጧቸው ጎብኚው ለውበት የቆሙ ይመስለዋል። እኔ ሳያቸው ግን የሚታየኝ አጭር ርቀት ነው። ከዚያ ደግሞ የኮለኑን አናት ልብ ይበሉ፤ በአራቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ የወጣ ትከሻ አለው። ሁለት ኮለኖች ከየበኩላቸው ትከሻቸውን ሲዘረጉ አግዳሚው ሳይደገፍ የሚሻገረው መሐል ይበልጥ ያጥራል። ትከሻው ላይ የተቀረጸው ምስል ጌጥ ነው፤ ትከሻው ራሱ ግን ሥራ ላይ ነው።

ጉልላቱስ? እዚህ ላይ እናቶቻችን ሊያስተምሩን ይችላሉ። ሞሰብ ሲሰፋ አይተዋል፤ ክቡ በክቡ ላይ እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ዙር ከታቹ ጥቂት ወደ ውስጥ እየገባ ክዳኑ ሹል እስኪሆን ይወጣል። የጥንት ህንድ ጉልላትም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ድንጋዮቹ ወለል ሆነው ይተኛሉ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ትንሽ ወደ መሐል ያልፋል። ወደ መሐል የወጣ ድንጋይ ለብቻው ቢሆን ይወድቅ ነበር፤ ዙሩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስለሚገጥም የሚወድቅበት ቦታ የለውም። መውደቅ የነበረው ወደ መጨመቅ ይለወጣል፣ መጨመቅን ደግሞ ድንጋይ ይወደዋል። በአውሮፓው ቅስት ድንጋዮቹ ዘንበል ብለው ስለሚሰካኩ ግድግዳውን ወደ ውጭ አጥብቀው ይገፉታል፤ እዚህ ግፊቱ ያነሰ ነው። ዋጋው ግን አለ። በዚህ ዘዴ በጣም ሰፊ አዳራሽ አንድ ጊዜ መክደን አይቻልም።

ሺክሃራ የሚባለው ሹል ማማ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው በላይ ያ ሁሉ ክብደት ለምን ተቆለለ? ወደ መሐል የወጡት ድንጋዮች ጭራቸው ግድግዳው ላይ ነው። ጭራቸው ላይ ክብደት ሲጫን አፋቸው አይዘምም። ጣውላ ከጫፍ አውጥተው ሲሠሩ ጀርባውን በድንጋይ እንደሚጭኑት ማለት ነው። ማማው ለዓይን የተቀደሰ ተራራ ነው፤ በመዋቅሩ ውስጥ ግን የሚይዝ ጭነት ሆኖ ያገለግላል።

አሁን ወደ ብረቱ። ለምን ተጠላ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሃይማኖቱ ይከለክላል» የሚል ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ቆጠብ ማለት ይገባል። በህንድ ምሥራቅ ኦዲሻ የሚገኘው የኮናርክ የፀሐይ ቤተ መቅደስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ ትልልቅ የብረት አግዳሚዎች ተጠቅሟል፤ ብረቶቹ ዛሬም እዚያው ቅጥር ግቢ ይታያሉ። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ብረትን ፈጽሞ አልነኩም ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ከነበረበት መጠን በብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ብረት ሲያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በአቴንስ ፓርቴኖን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ለማጠናከር» ተብለው የገቡ የብረት ማያያዣዎች እብነ በረዱን ሰነጣጥቀው፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች እያወጡ በታይታኒየም ሲተኩ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የጥንቶቹ ግሪኮች ግን ብረታቸውን በእርሳስ ለብጠው ነበር የሚያስገቡት።

የባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ለብረት የባሰ ነው። አየሩ ጨው፣ አፈሩ ጨው፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጨው። እርስዎ በዚያ አገር የግንባታ ቦታ ስለሚሠሩ ፌሮን ከጨው ለመከላከል ስንት ጥንቃቄ እንደሚደረግ ያያሉ። ተራ ሕንጻ 50 ወይም 60 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ስለሚሠራ ይህ ትግል ያዋጣል። ሺህ ዓመት ለሚያስብ ሰው ግን አያዋጣም። በግምቴ የዚያ ቤተ መቅደስ ዕድሜ ላይ የተነገረው ትልቅ ቃል ትርጉም የሚኖረው ብረት ባለመኖሩ ብቻ ነው። ሺህ ዓመት ይቆማል ብዬ ግን እኔ አልፈርምም፤ ማንም መሐንዲስ ይህን ሊፈርም አይችልም።

ድንጋዮቹ በምን ተያያዙ ለሚለው፦ በመጀመሪያ በራሳቸው ክብደት፣ ቀጥሎ ወንድና ሴት ሆነው በተጠረቡበት ጥርስና ጎድጓዳ። ሰሜን ህንድ በምትገኘው አዮድህያ ላይ በጥር 2024 በተመረቀው የራማ ቤተ መቅደስ የማይዝግ የመዳብ ማያያዣ ጥቅም ላይ ውሏል። ያ ቦታ በመስጊድ መፍረስና በረጅም የፍርድ ቤት ክርክር የሚታወቅ፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ያነሣሁት ለማያያዣው ብቻ ነው።

«ዘመናዊነቱ ታዲያ የት ነው?» ወደሚለው ልምጣ። ከመሬት በታች ነው፣ ከቦታው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ባለው የጠራቢዎች መንደርም ነው።

ብረት አልባ የድንጋይ ሕንጻ ዋና ጠላቱ ያልተስተካከለ መስመጥ ነው። አንዱ ጥግ ከሌላው ጥቂት ሴንቲሜትር ቢሰምጥ፣ ፌሮ ያለው ሕንጻ ጎበጥ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ድንጋይ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥር አንድ ወጥ የሆነ ግዙፍ የአርማታ ጠፍጣፋ ይዘረጋል። አቡ ዳቢ ላይ በመጀመሪያው ሙሌት 3,000 ሜትር ኩብ አርማታ ያለማቋረጥ ፈስሷል፤ ከሲሚንቶው ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች በሚወጣ አመድ ተተክቶ ነበር። አመዱ ለምን? ወፍራም አርማታ ሲደርቅ ከውስጥ ይግላል፤ ውስጡ ግሎ ላዩ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አመዱ ግለቱን ያበርደዋል፣ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ እንዲያገኝ ያደርገዋል፣ ጨውንም እንዲቋቋም ያግዘዋል። ለንደን ኒስደን ውስጥ በ1995 የተመረቀው የዚሁ ድርጅት ቤተ መቅደስም መሠረቱ ሲጣል 4,500 ቶን አርማታ በ24 ሰዓት ውስጥ ፈስሷል። አቡ ዳቢ ላይ ደግሞ ሙቀትን፣ ግፊትንና እንቅስቃሴን የሚለኩ ከ300 በላይ መሣሪያዎች ተቀብረዋል። ሐኪም በበሽተኛው ደረት ላይ ማዳመጫውን ትቶ እንደመሄድ ነው። ከዚህ የሚገኘው መረጃ፣ ሕንጻው ምንም ቢመስል፣ ለእኛ ሙያ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ዘመናዊ ነገር ጉዞው ነው። የለንደኑን እንውሰድ። 2,820 ቶን የቡልጋሪያ የኖራ ድንጋይ እና 2,000 ቶን የጣሊያን እብነ በረድ በመርከብ ወደ ህንድ ሄደ። እዚያ ከ1,500 በላይ ጠራቢዎች ቀረጹት። ከዚያም 26,300 ቁራጭ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት፣ ተመልሶ በመርከብ ለንደን ገባና ተገጣጠመ። ከአውሮፓ ወጥቶ ህንድ ደርሶ አውሮፓ ተመለሰ! ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ድንጋዩን ማጓጓዝ ጠራቢዎቹን ከነቤተሰባቸው ከማጓጓዝ ይቀላል። አቡ ዳቢም ራጃስታን ላይ ተጠርቦ በኮንቴነር ነው የመጣው። በዚህ ዓይነት ሥራ አንድ ድንጋይ አምስት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ስህተቱ በሚቀጥሉት ረድፎች እየተባዛ ይሄዳል። የኮምፒውተር ንድፍ የገባው ለዚህ ነው፤ መዶሻና መሮው ግን ቀጥሏል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ዘመናዊ የምለው እሱን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እንዳለ ሁሉ፣ በሂንዱ ቤተ መቅደስም ምእመኑ የሚቆምበት ማንዳፓ የተባለ አዳራሽ እና ካህኑ ብቻ የሚገባበት ውስጠኛ ክፍል አለ። ውስጠኛው ጋርብሃግሪሃ ይባላል፤ ፍቺው የማኅፀን ክፍል ማለት ነው። በጥንቶቹ ዘንድ ጠባብ፣ ጨለማ፣ መስኮት አልባ ነው። ማማው የሚቆመው በእሱ አናት ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቤቱ የሚታነጸው ለአንድ ዋና አምላክ ነው። ስደተኛ ሕዝብ ግን ከአንድ ቀበሌ አልመጣም። በኤምሬቶች የሚኖሩ ህንዳውያን ከኬረላም፣ ከጉጃራትም፣ ከኦዲሻም ናቸው፤ የየአገራቸው አምላክም የተለየ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰባት መቅደስ ተሠራ፦ ለስዋሚናራያን፣ ለራማና ሲታ፣ ለሺቫና ፓርቫቲ፣ ለክሪሽናና ራዳ፣ ለምሥራቁ ጃጋናት፣ ለደቡቡ ቬንካቴስዋራ፣ ለኬረላው አያፓ። ሰባት መቅደስ ማለት ሰባት ማማ ማለት ነው። ሰባቱ ማማዎች የሰባቱ ኤምሬቶች ምሳሌ ናቸው መባሉም ትክክል ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ወገን አስደሰተ። እንዲህ ያለውን ዕቅድ የወለደው የስደት ኑሮ ነው። ዱባይ ወይም ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ፣ ጎንደሬውም ወለጋውም በአንድ አዳራሽ ሲያስቀድስ ያየ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ለምን ጥንታዊ ይመስላል ለሚለው፣ በሥራው ላይ ያሉት ሶምፑራ የሚባሉ የጉጃራትና የራጃስታን የሕንጻ ጥበበኞች ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ የኖሩ ናቸው። የኒስደኑም የአዮድህያውም ንድፍ የወጣው ከዚህ ወገን ነው። ለእነሱ ናጋራ የሚባለው የሰሜን ህንድ ስልት ያለፈ ዘመን ፋሽን አይደለም፤ እየተነገረ ያለ ቋንቋ ነው። አቡ ዳቢ ላይ በዚያው ቋንቋ ግመልና ጭልፊት ቀርጸዋል። ቢሆንም ሁሉም ሂንዱ ይህን መንገድ አልመረጠም። በጥቅምት 2022 ጀበል ዓሊ ላይ የተከፈተው የዱባይ ቤተ መቅደስ የዓረብ ጌጥ ከህንድ ጌጥ ጋር አዋህዷል፤ በጉልላቱ ውስጥ የሚታየው ግዙፍ የሎተስ አበባ ቅርጽ በሚያወጣ (3D) ማተሚያ ማሽን የታተመ ነው። ለእኔ ለራሴ የጀበል ዓሊው በሐሳብ ይደፍራል፣ የአቡ ዳቢው በእጅ ሥራ ይበልጣል። ሁለቱንም ማየት የሚችሉበት ቦታ ስላሉ እቀናብዎታለሁ። ዴልሂ ያለውን የሎተስ ሕንጻ ግን እዚህ አይጨምሩብኝ፤ እሱ የባሃኢዎች ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ እኛ አገር ይቻላል ወይ? ተችሎ ነበር። የሓ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የቆመው ቤት ድንጋዩ ያለ ጭቃ ነው የገጠመው። ላሊበላ ደግሞ ከዚህም አልፎ መግጠምን ራሱን አስቀርቷል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት ወደ ታች ተፈልፍሏል። የህንድም ኤሎራ ላይ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ካይላሳ የተባለውን ቤተ መቅደስ ከላይ ወደ ታች በዚሁ ዘዴ አወጡት። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ዐለት ለሚፈለፍል ሰው ግን ከላይ መጀመር የሚያዋጣ መንገድ ነው፣ መወጣጫ አያስፈልግም።

ዛሬ ግን አዲስ አበባ ላይ ብረት አልባ 33 ሜትር የድንጋይ ማማ ንድፍ ይዘው ቢመጡ አልፈርምልዎትም። በ2024 ማብቂያና በ2025 መጀመሪያ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው። ድንጋይ ለድንጋይ የተቀመጠ ሕንጻ ወደ ጎን ሲወዘወዝ የሚታደገው ሰፊ ወገቡ፣ ግራና ቀኙ መመሳሰሉና ክብደቱ ወደ ታች መሰብሰቡ ነው፤ ያንን በሒሳብ ማሳየት ረጅም ጥናት፣ ብዙ ገንዘብም ይጠይቃል። እነሱ አጥንተውበታል፣ ገንዘቡንም አግኝተዋል። እኛ ዘንድ አንድ ፎቅ የሚሆን የድንጋይ ቤት በደህና ግንበኛ ለማሠራት እንኳ ጠራቢ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ሙያው ከብሎኬት ጋር ተወዳድሮ አልቻለም።

አንድ ውለታ ልጠይቅዎት። እንደገና የሚሄዱ ከሆነ፣ ማዕከላዊው ጉልላት ሥር ቆመው ከኮለን እስከ ኮለን ያለውን ርቀት በእርምጃ ይለኩልኝ፤ ከዚያ ትከሻዎቹ ከዚያ ላይ ስንቱን እንደሚቀንሱ በዓይን ገምተው ይጻፉልኝ። የፌሮ ሰው ዓይን ስለሆነ ግምትዎን አምነዋለሁ።